ገና ቀን የሚዘጋው በር

ጊሊያን ጧት ወደ ማድ ቤት ስትወርድ አባቷ ጠረጴዛው ላይ የትናንቱን ጋዜጣ ዘርግቶ ጓጉንቸር ዘይት ሲያጠጣ አገኘችው። ዘይቱ የሟች እናቷ የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ ያቺ አፏ የቀጠነ ጠርሙስ ከመሳቢያዋ ከወጣች ስንት ዓመቷ። ጓጉንቸሩ ደህና ድንች ያክላል፣ ናስ ነው፣ ጫፍ ጫፉ በእጅ ብዛት አብረቅርቋል። ከጎኑ ሰንሰለት እንደ እባብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አባቷ ለቀብር ብቻ የሚያወጣውን ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ዘይት እንዳይነካው የእሷን ባለ አበባ ሽርጥ ከላይ አጥልቋል። ጊሊያን እንደ ልማዷ መጀመሪያ የምድጃውን ጋዝ አሸተተች፤ ቀጥሎ ጆሮዋን ወደ ቀለበት መንገዱ ጥላ የአምቡላንስ ጩኸት መኖር አለመኖሩን አዳመጠች። ሁለቱም አልነበሩም። ክፉው ነገር ጠረጴዛው ላይ መቀመጡን ግን አላወቀችም።

«የምን ቁልፍ ነው አባዬ?»

«የሳማ መንገድ ነዋ።»

«ሳማ መንገድ ቁልፍ የለውም።»

«ዓመቱን ሙሉ የለውም» አለ አባቷ ዊልፍ፣ ቁልፉን አስገብቶ እያዞረ። ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። «ገና ቀን ግን አለው።»

በዚህ መሃል የጊሊያን ልጅ ቤታኒ አንድ እግሯ ካልሲ አንዱ ባዶ ሆኖ ከፎቅ ወረደች፤ ወሬውም ተቋረጠ። ቤታኒ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ትምህርት ቤቷ ከቀለበት መንገዱ ማዶ ነው። ጊሊያን ዳቦ ጠበሰች፣ ማርማላታ ቀባች፣ የልጅቷን ካፖርት ቁልፎች ልጅቷ እያጉረመረመች እስከ አንገቷ ቆለፈች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው በር ላይ ቆማ፣ ቀይዋ ቦርሳ ከመንገዱ ጠርዝ ታጥፋ ወደ ሳማ መንገድ እስክትገባ ድረስ ተመለከተች። እዚያ ከገባች ወዲያ አሳብ የለም። ሳማ መንገድ አፉ ላይ የብረት በር አለው፤ ከትልቁ ቤት፣ ከድሮ ጌቶች መኖሪያ፣ አጥር ጀርባ ይሄድና በቀለበት መንገዱ ሥር ባለች መሿለኪያ ያልፋል። መሿለኪያዋ ለሰው አልተሠራችም። መንገድ ሠሪዎቹ መንደሩን ለሁለት ሲሰነጥቁት የትልቁ ቤት ላሞች ወደ ግጦሽ የሚሻገሩበት እንዲያገኙ ተብላ ነው የተቆፈረችው። ላሞቹ አልቀው ግጦሹ ቤት ተሠርቶበታል፤ አሁን የሚሾልኩት ልጆች ናቸው። በላይ የሚሻገር ልጅ ምን እንደሚገጥመው መንደሩ ያለፈው ኅዳር አይቷል። አጥሩ ላይ ለሞተው ልጅ የታሰረው አበባ ደርቆ እስካሁን አልተነሳም።

በእኛ በኤልደርኮት «መንደር» የሚለውን ቃል መተው የሚፈልግ ሰው የለም። ከተማው ከዋጠን ሰባ ዓመት ሆኖታል። ወደ ሊድስ የሚሄደው አውቶቡስ አንድ ፓውንድ ከስልሳ ያስከፍላል፣ ከመንደሩ እስከ ከተማው መሃል ድረስም ቤት የሌለበት ቦታ በመስኮት አይታይም። የዳክዬው ኩሬ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። የቀጥቃጩ ቤት ሴቶች ፀጉር የሚሠሩበት ነው፤ በሩ ላይ ያለው የፈረስ ኮቴ ብረት ግን አልወረደም። ከሁለቱ መጠጥ ቤቶች አንዱ ሱቅ ሆኖ ቴሪ የሚባል ሰው የሥጋ ጥቅልል ይሸጥበታል። የትልቁ ቤት አትክልተኞችና ላም አላቢዎች ይኖሩባቸው ከነበሩት ተያይዘው ከተሠሩ ጠባብ ቤቶች አንዱ፣ የዊልፍ ጎረቤት የነበረው፣ ባለፈው ዓመት በሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ ፓውንድ ተሸጠ፤ የገዙትም በሩን አመድማ ቀለም ቀብተው ከበሩ በላይ «የአላቢው ጎጆ» የሚል ጽሑፍ ሰቀሉበት። ትልቁ ቤት ራሱ ተከፋፍሎ አፓርታማ ሆኗል። የገዛው ኩባንያ አሁን ደግሞ ሳማ መንገድን አጥሮ ስምንት ቤት ሊያቆምበት ይፈልጋል፤ መንገዱ የግል ይዞታዬ ነው ይላል። መንደሩ አይደለም አለ። ነገሩን የምታጣራ ሴት ከመንግሥት ተልካ የምትመጣው በዚህ የየካቲት ማክሰኞ፣ ዛሬ ነው።

ሕጉን ባለፈው ዓመት ውስጥ ሁላችንም እንደ አባታችን ሆይ ሸምድደነዋል። ሕዝብ ሃያ ዓመት ሳያስፈቅድና ሳይከለከል የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል። ባለቤቱ በየዓመቱ አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ሰው ከመለሰ ግን ሃያውም መቶውም ዋጋ የለው፤ የሚሄድበት ሁሉ በባለቤቱ ደግነት የሄደ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ድሮ ጌቶች በየአገሩ መንገዳቸውን ገና ቀን የሚዘጉት፤ ሁሉም ማዕድ ላይ ስለሆነ የሚያጉረመርም አይኖርም። የትልቁ ቤት የመጨረሻ እመቤት ሚስ ሌሲ ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። እሷ በሕይወት ሳለች በሩ ገና ቀን ይዘጋ እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከሞተች ወዲህ ግን ማንም አልዘጋውም ተብሎ ነው መንደሩ የቆመው።

ጊሊያን በሩን ዘግታ ተመልሳ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ገና ቀን አለው ስትል፣ ድሮ ማለትህ ነው?»

«የምን ድሮ? ያለፈው ገናም፣ ካቻምናም። የገናውን የቱርክ ዶሮ ምድጃ ስትከቺ እኔ የት የምሄድ ይመስልሻል?»

ለእናቴ መቃብር አበባ ይዘህ ነዋ፣ ልትል ነበር። እሷ ራሷ ናት እንደዚያ ያሰበችው፤ እሱ አንድም ቀን ብሎ አያውቅም። በየዓመቱ ገና ጧት ካፖርቱን ለብሶ ይወጣል፣ ምሳ ሲደርስ ጣቶቹ ዝገት ነክቷቸው ይመጣል፣ ታጠብ ትለዋለች። ሊመሽ ሲል ደግሞ እግሬን ላፍታታ ብሎ ተመልሶ ይወጣል። ከዚህ በላይ ጠይቃው አታውቅም። ልጇ ከአልጋ ትወድቃለች፣ ቧንቧው ይፈነዳል፣ ጡቷ ላይ ያለችው እብጠት ሌላ ነገር ትሆናለች ብላ ስትፈራ የኖረች ሴት፣ አባቷ ገና ቀን የት እንደሚሄድ ለመፍራት አላሰበችም።

ዊልፍ ሽርጡን አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈው። ሚስ ሌሲ አትክልቷ ውስጥ ጽጌረዳ ሲገርዝ ጠርታ ይህን ጓጉንቸር እንደ ሰጠችው ነገራት። «ጋርሳይድ፣ ሌላው ቀን ሁሉ ክፍት እንዲሆን አንዱ ቀን መዘጋት አለበት» አለችው በቤተ ሰብ ስሙ ጠርታ፤ «እኔ ተው እስክልህ ድረስ።» ተው ሳትለው ሞተች። «ይኸው እኔ ባልዘጋው ኖሮ ይሄኔ ወስደውት ነበር» አለ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ኩራት ነው። «ዛሬ ይጠይቁኝ ይሆናል ብዬ ነው ዘይት ያጠጣሁት። ዝጎ ቢያዩት ሥራዬን የማልሠራ ይመስላቸዋል። ለቤታኒም ስል ነው እኮ።»

ጊሊያን ልታስረዳው ሞከረች። በሩ የሚዘጋው መንገዱ የሚስ ሌሲ ሆኖ እንዲቀር እንጂ የእኛ እንዲሆን እንዳልነበረ፣ አንዲቱ ቀን ሌላውን ሁሉ እንደምትበላ ነገረችው። ዊልፍ እስከ መጨረሻው አዳመጣት፤ እሷ ልጅ ሳለች ስለ ጭራቅ ስታወራው እንደሚያዳምጣት።

«ሚስ ሌሲ አትዋሽም ነበር» አለ።

አልዋሸችም። ጊሊያንን ያስጨነቃት እሱ ነው። ሴትዮዋ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ክፍት የሚሆነው ግን በማን ፈቃድ እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም። ለአትክልተኛ ማን ይነግረዋል።

«ዛሬ ባትሄድስ አባዬ? ያ ሳልህ ደግሞ...»

«ለምስክርነት ስሜን አስመዝግበዋል።»

«እሺ፣ ሂድ። ስለ ጓጉንቸሩ ግን አታንሳ።»

«ካልጠየቁኝ አፌን ምን አስከፈተኝ» አለ ዊልፍ። «ከጠየቁኝ ግን?»

ከጠየቁህ ዋሽ ማለት ነበረባት። ሜቶዲስት ሆኖ ያደገ፣ በሕይወቱ የቢራ ጣሳ ከንፈሩ ጋር ያልደረሰ፣ የሱቅ ልጅ አንድ ሳንቲም አትርፎ ቢመልስለት ዝናብ ውስጥ የሚመለስ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። አልቻለችም። ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ እሱ ሰንሰለቱንና ጓጉንቸሩን በጋዜጣው ጠቅልሎ በካፖርቱ ሰፊ ኪስ ከተተ።

ሚስስ ሃትሊ በትንሿ ሰማያዊ መኪናዋ መጣች። ጡረታ የወጣች ርእሰ መምህርት ናት፤ የመንደሩን ታሪክ የሚያጠናውን ማኅበር የምትመራ፣ የአሮጌ ፎቶግራፍ ወዳጅ፣ የዚህ ሁሉ ሙግት ሞተር እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖራለች፤ ግን ዊልፍ ባየችው ቁጥር «መንደራችንን ለመዱት ወይ?» ይላታል፤ እሷም በየጊዜው ትስቃለች። ዛሬም አላት፣ ዛሬም ሳቀች። ጊሊያን ጎትታ ወደ ጓሮ ወሰደቻትና አባቴ ደህና አይደለም፣ ሌሊቱን አልተኛም፣ እባክዎ ይቅር አለቻት።

«ውዴ፣ አባትሽ እኮ የመጨረሻ ምስክራችን ናቸው» አለች ሚስስ ሃትሊ። «ሌላው ሁሉ መሄዱን ነው የሚናገረው። በሩ ሥር አርባ ዓመት የሠራ ሰው 'ክፍት ነበር' ሲል ግን አለቀ።» እጇን ጨበጠቻት። «ያንቺን ጭንቀት መቼም እናውቀዋለን። እንዲያው ትንሽ ተንፍሺ።»

ጊሊያን ሰው እንዳያምናት ራሷ ነች ያስለመደችው። መንደሩ ውስጥ በጋ ላይ በረዶ ይወርዳል የምትል ሴት እየተባለ ሲቀለድባት ኖራለች፤ ይኸው ዛሬ እውነተኛው ነገር ሲመጣ ጆሮ የሚሰጣት አጣች። ለሚስስ ሃትሊ እቅጩን መንገርም ፈራች። ያወቀች ጊዜ ወይ ትደብቀውና ነገሩ ሲወጣ የሁሉም ውሸት ይሆናል፣ ወይ ትሰርዘውና ኩባንያው ለምን ተሰረዘ ብሎ ይቆፍራል። በሁለቱም መጨረሻ ላይ ቀይዋ ቦርሳ ቀለበት መንገዱ ላይ ወድቃ ታየቻት። ካፖርቷን ለብሳ ከኋላ ወንበር ገባች። መንገዱ አጭር ነው፤ ሚስስ ሃትሊ ስለ አየሩ ታወራለች።

የመንደሩ አዳራሽ በክረምት እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል። በጣሪያው ላይ የተሰቀሉት ማሞቂያዎች ሃምሳ ሳንቲም ሲጎርሱ ቀልተው ለሩብ ሰዓት ራስ ራስ ያቃጥላሉ፤ እግር ግን አያሞቁም። ግድግዳው ላይ ሚስስ ሃትሊ ፎቶግራፎቿን ደርድራለች፤ ኩሬው፣ ፈረሶቹ፣ ባርኔጣ ያደረጉ የድርቆሽ አጫጆች፣ ሳማ መንገድ ላይ የቆሙ ላሞች። ሻይ አርባ ሳንቲም ነው፤ ብስኩቱ ግን ለእንግዳዋ ክብር ዛሬ በነፃ ነው ተብሏል። ሕዝቡ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ቴሪ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ዊልፍን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ዊልፍ፣ ክራባት አስረህ ሳይህ የምትቀበር መስሎኝ።»

«አንተ ትቀድማለህ» አለው ዊልፍ። «የምትሸጠውን ጥቅልል የምትበላው አንተ ነህ።»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ፤ ዊልፍም ኮቱን አስተካክሎ ከፊት ተቀመጠ። ጊሊያን ያን ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታወሰችው፤ አባቷን እንደ ማንኛውም ሰው የሰደቡት የመጨረሻው ጊዜ ነበር።

አጣሪዋ አጭር ፀጉር ያላት ጸጥተኛ ሴት ናት፤ ጉንፋን ይዟት በየመሃሉ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። የኩባንያው ጠበቃ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ጊሊያን ባለጌ ቢሆን በወደደች። ምስክሮቹ አንድ በአንድ ተነሱ። አንዷ ውሻዋን ይዛ፣ አንዱ ወደ ሥራ፣ ሌላዋ እርጉዝ ሆና፣ ከዚያም ጋሪ እየገፋች በሳማ መንገድ ሄደዋል። ማን ከለከላችሁ? ማንም። ገና ቀንስ? ገና ቀን ማን ከቤቱ ይወጣል። ጠበቃው ይህን መልስ ሲሰማ እርሳሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

ከዚያ ዊልፍ ተጠራ። ቆብ በእጁ ይዞ ቆመ፤ ተቀመጡ ቢባል እሺ አላለም። ሚስስ ሃትሊ እንደ ጎበዝ ተማሪዋ እያየችው ጠየቀችው፤ በትልቁ ቤት ስንት ዘመን እንደ ሠራ፣ የጽጌረዳው አትክልት ከበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በሩን በየቀኑ ያየው እንደ ነበር። ለሁሉም በሚገባ መለሰ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞር ብላ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ያንን ጥያቄ አመጣችው።

«እንግዲህ ሚስተር ጋርሳይድ፣ ሚስ ሌሲ ካረፉ ወዲህ በሩ ተዘግቶ ያውቃል?»

«አዎ እመቤት» አለ ዊልፍ። «ገና ቀን።»

ሰው የቀልድ መስሎት ሳቀ። ሚስስ ሃትሊም ፈገግ አለች። «እርስዎ ራስዎ አይተዋል?»

«የዘጋሁት እኔ ነኝ። በየዓመቱ። አንድ ዓመት አላጓደልኩም» አለና ጋዜጣውን ከኪሱ አውጥቶ ፈታ፤ ጓጉንቸሩን አጣሪዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ዘይት የጠጣው ናስ በማሞቂያው ቀይ ብርሃን አብረቀረቀ።

ጠበቃው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ደስታ አላሳየም፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስል ነበር። ማን እንዳዘዘው ጠየቀው። ሚስ ሌሲ። ከሞቱ በኋላስ ማን አዘዘ?

«ያዘዘ ሰው ሲሞት ትእዛዙ አብሮ ይቀበራል እንዴ?» አለው ዊልፍ። «ቃል ሰጥቻለሁ።»

«የመለሱት ሰው አለ?»

«አንድ ሰውዬ ውሻ ይዞ መጥቶ ነበር። መልካም ገና፣ ዛሬ ዝግ ነው አልኩት። ተመለሰ።»

ጠበቃው አመስግኖ ተቀመጠ። ዊልፍ የአዳራሹን ሰው አየ፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው፤ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። ያየው ፊት ሁሉ ወደ ወለሉ ያቀረቅራል። አጣሪዋ ጓጉንቸሩን በጣቷ ነካ አደረገችና ከቤተ ሰቡ ይህን የሚያረጋግጥ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ሚስስ ሃትሊ የወደቀ ፊቷን ወደ ኋላ መለሰች። ሁሉም ወደ ጊሊያን ተመለከተ።

ጊሊያን ቆመች። ከመስኮቱ ውጭ ቀለበት መንገዱ ላይ ከባድ መኪና አልፎ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ፤ የሻይ ኩባያዎቹ በሳህኖቻቸው ላይ ተርገበገቡ።

«አባትዎ ገና ቀን ከቤት ይወጣሉ?» አለቻት አጣሪዋ።

«ገና ቀን አባቴ...» ጊሊያን ጉሮሮዋን ጠረገች። «ገና ቀን አባቴ ለእናቴ ሳህን ያስቀምጣል። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ሳህኗን ከእሱ አጠገብ ያስቀምጣል፣ ሥጋ ይቆርስላታል፣ የሼሪ ወይን ይቀዳላታል። ያዋራታል።»

ይህ እውነት ነው። ቤታቸው ውስጥ ማንም እንደ እብደት አይቶት አያውቅም፤ ቤታኒ እንኳ ለአያቷ ሳህን በገና ማዕድ የሚደፋውን የወረቀት ዘውድ ታደርግለታለች። ጊሊያን ግን እንደዚህ ነው ያለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው የበሽተኛ ነገር ሲያወራ እንደሚያደርገው።

«ማለትዎ፣ የማስታወስ ችግር አለባቸው?»

«ቀኑን አያውቀውም። አንዳንዴ። ከድሮው ጋር ይቀላቀልበታል።»

«ይህ ቁልፍስ?»

«የጓሮ ጎጆአችን ነው።»

አባቷን አላየችውም። አጣሪዋ አንገቷን ነቅንቃ አንድ ነገር ጻፈች፤ ጠበቃው ሊነሳ ብሎ፣ ሽማግሌውን አየና ተወው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የተነፈሰ መሰለ። ዊልፍ ቆቡን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ፣

«እመቤት፣ ዕቃዬን ልውሰድ?» አለ።

ውሰዱ ተባለ። ጓጉንቸሩን በጋዜጣው ሲጠቀልል እጆቹ ጊዜ ወሰዱበት፤ ማንም ሊያግዘው አልተነሳም፤ ሁሉም በአዘኔታ አየው።

ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳችኋል ተባለ፤ ግን ጠበቃው ወረቀቱን ሲሰበስብ አኳኋኑን ያየ ሁሉ መንደሩ ማሸነፉ ገባው። ሚስስ ሃትሊ ጊሊያንን አቅፋ ጆሮዋ ውስጥ «ጀግና ነሽ። እዚህ መድረሳቸውን አላወቅኩም ነበር፤ ምስኪን» አለቻት። ከዚያ ወደ ዊልፍ ጎንበስ ብላ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ ለደንቆሮ ሰው እንደሚነገር ጮክ ብላ፣ «ሚስተር ጋርሳይድ፣ ሻይ፣ ይጠጣሉ?» አለች። ዊልፍ ያን ጊዜ መንደሩን ስለ መልመድ ምንም አላላትም። በሩ ጋ ቴሪ መንገድ ለቀቀለት። «በርታ ዊልፍ» አለው፣ ትከሻውን መታ አድርጎ። ቀልድ አልጨመረበትም።

በመኪና ልውሰዳችሁ ብትባልም ጊሊያን በእግራችን እንሄዳለን አለች። ሰማዩ የድስት ክዳን መስሏል። ዊልፍ ግማሽ እርምጃ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ሁልጊዜ ከፊት የሚሄድ ሰው። ሁለት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፈተች። ቤታኒን አስቤ ነው እንጂ፣ ልትለው፤ ይገባሃል አይደል፣ ልትለው። ሁለቱንም ጊዜ እርምጃዋን አፈጠነች። ከቴሪ ሱቅ ስትደርስ ለራት ድንችና አንድ ካሮት ገዛች፤ ከውጭ ቆሞ ጠበቃት። የትልቁ ቤት አጥር አለቀና ሳማ መንገድ አፉ ላይ ደረሱ። የብረቱ በር እንደ ሁልጊዜው ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሥሩ ሣር በቅሎበታል። ዊልፍ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ቆቡን አውልቆ በሩን በአንድ እጁ ያዘ፤ ለሚስ ሌሲ የሚቆምላት እንደዚያ ነበር።

«ይለፉ» አላት።

«አባዬ፣ ተው።»

«ይለፉ እመቤት። ክፍት ነው።»

በሕይወቷ ሙሉ አንቺ ያላት አባቷ እርስዎ ሲላት ጊሊያን ቆማ ፊቱን መረመረች። ከፊቱ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ነፋሱ ዓይኑን አስለቅሶታል፤ ቁጣ ይሁን፣ ቀልድ ይሁን፣ ወይስ ሌላ፣ እሷ በአዳራሹ የተናገረችው ነገር ራሱ ይሁን፣ አልለየችም። አንገቷን ደፍታ አለፈች። እሱ ከኋላዋ አልመጣም። በላይኛው መንገድ፣ መኪናው በሚበዛበት በኩል ዞሮ ነው ቤት የደረሰው፤ እሷ ገብታ ምድጃ ለኩሳ፣ ጆሮዋን ወደ ቀለበት መንገዱ ጥላ፣ የበሩ እጀታ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ድንቹን እንደ ያዘች ቆማ ጠበቀችው።

ካፖርቱን ሳያወልቅ በጓሮ በር ወጣ። በመስኮቱ ታየዋለች። ጓጉንቸሩን ወደ ጎጆው ወሰደው። የጎጆው በር በገመድ ነው የሚታሰር፤ ጓጉንቸር የሚገባበት ቀለበት የለውም። ጎጆውን በእጁ የሠራው ዊልፍ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ጓጉንቸሩን ከበሩ እንጨት ጋር አገናኝቶ ብዙ ደቂቃ ቆመ፤ በመጨረሻ ከአንድ ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ቁልፉንም አብሮ ተወው። ልጇ በዚያው ሰዓት ጉንጯ ቀልቶ በሳማ መንገድ ስትሮጥ መጣች፤ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ «አሸነፍን ወይ?» አለች። ጊሊያን አዎ ሳይሆን አይቀርም አለቻት። ቤታኒ እጇን አጨብጭባ ቴሌቪዥኑን ልትከፍት ሄደች።

ራት ሲደርስ ዊልፍ እጁን ታጥቦ ገባና እንደ ልማዱ ማዕዱን አሰናዳ። ይህ የሱ ሥራ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ለማንም አልሰጠውም። ሹካዎቹን ደረደረ፣ ጨውና ኮምጣጤውን አመጣ፣ ሳህኖቹን ከመደርደሪያው አወረደ። አንዱን ለጊሊያን፣ አንዱን ለቤታኒ፣ አንዱን ለራሱ። ከዚያ ተመልሶ ሄደና ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን አራተኛውን ሳህን አመጣ፤ በሸሚዙ እጅጌ ወለወለና ከሱ አጠገብ ካለው ባዶ ወንበር ፊት አስቀመጠው። ወንበሩንም ትንሽ ሳብ አደረገው፣ ሰው እንዲገባበት ያህል።

ቤታኒ ሳህኑን አየችና ሳቀች።

«አያቴ፣ ዛሬ ገና ነው እንዴ?»

ዊልፍ መሐረቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ጊሊያን ከምድጃው አጠገብ ድስቱን ይዛ፣ እንዲስቅ ጠበቀች። ትንሽ ፈገግ ቢል፣ ዓይኑን ጠቀስ ቢያደርግ፣ ቢሰድባትም ይበቃት ነበር።

«አላውቅም ልጄ» አለ። «እናትሽን ጠይቂያት። ቀኑን የምታውቀው እሷ ናት።»

ጊሊያን ድንቹን ለአራት ሰው አካፈለች።